የውቅያኖስን ፕላስቲክ በመረብ ማጥመድ ያዋጣል?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ይኸው። ኦሽን ክሊነፕ የሚባለው የኔዘርላንድ ድርጅት በካሊፎርኒያና በሃዋይ መሃል የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክ በመረብ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መረብ ርዝመቱ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መርከቦች ግራና ቀኝ ይዘው በሰው እርምጃ ፍጥነት ይጎትቱታል። ገንዘቡ እዚያ መዋል አለበት ወይስ ሌላ ቦታ? በጨዋ ደንብ እንከራከር።

ኢንጂነሩ፦ ደጋፊ ነኝ። ቦያን ስላት ድርጅቱን በ2013 ሲመሠርት ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ በ2018 ከሳን ፍራንሲስኮ ወጣ። የያዘውን ፕላስቲክ መልሶ ይለቅ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ 18 ሜትር የሚሆን ጫፉ ተገንጥሎ ወደ ሃዋይ ተጎተተ። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀ። አሁን ግን ይሠራል።

የባዮሎጂ መምህሯ፦ መሥራቱን መቼ ካድኩ ወንድሜ? የኔ ጥያቄ ሌላ ምን ያጠምዳል ነው። ቬሌላ የምትባል ሰማያዊ ፍጥረት አለች፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ጀርባዋ ላይ እንደ ጀልባ ሸራ የቆመ ስስ ነገር አላት። ፕላስቲኩ የሚንሳፈፍበት ውሃ ቤቷ ነው። መረቡ እሷንና ፌስታልን በምን ይለያል?

ኢንጂነሩ፦ ቀስ ብሎ የሚጎተተው ለዚሁ ነው። ዓሣው ሸሽቶ ያመልጣል።

የባዮሎጂ መምህሯ፦ ዓሣማ ይዋኛል! ቬሌላን የሚነዳት ንፋስ ነው።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ባልቲሞር ወደብ መጥታችሁ ሚስተር ትራሽ ዊል የሚባለውን ቆሻሻ ለቃሚ ማሽን እዩት። ከ2014 ጀምሮ ወንዙ ወደቡን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። መዘውሩን የወንዙ ጉልበት ያዞረዋል፤ ውሃው ሲደክም ሶላር ያግዘዋል። ኮንቬየሩ፣ ማለትም እየዞረ ዕቃ የሚያጓጉዘው ቀበቶ፣ ጠርሙሱን፣ ቅጠሉን፣ የሲጋራ ቁራጩን እያወጣ ገንዳ ውስጥ ይዘረግፋል። ትልልቅ የአሻንጉሊት ዓይን ለጥፈውበታል፣ ልጆቼ ይወዱታል። አንዴ በሕይወት ያለ ዘንዶ ወጥቶበታል! ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄጄ ስመለከት ገንዳው ጢም ብሎ ነበር። ፓስፊክ ድረስ ሄዶ ማሳደድማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ቆይ እስቲ። በ2018 የወጣ ጥናት የዚያን አካባቢ ፕላስቲክ 79 ሺህ ቶን ገምቶ፣ በክብደት 46 በመቶው የዓሣ ማጥመጃ መረብ ነው ብሏል። እሱ በወንዝ አይመጣም፤ ባሕር ላይ የሚጠፋ ነው። ያንተ መዘውር ምን ያደርገዋል?

ከሜሪላንድ፦ እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን ድርጅቱ ራሱ ወንዝ ላይም ማሽን እየተከለ አይደል? የፕላስቲኩ መንገድ ገብቶታል ማለት ነው።

አወያይ፦ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ከአወያይነቴ ልውጣ። መረቡን አልቃወምም፤ ግን አንድ ብር ቢኖረኝ ወንዙ ላይ ነው የማውለው።

የአቃቂው ልጅ፦ ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ስንጨቃጨቅ ገረመኝ። የኛ ሃይላንድ ፓስፊክ አይደርስ!

የባዮሎጂ መምህሯ፦ ቀይ ባሕርም አይደርስም። አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እዚያው እኛው ጋ ይቀራል።

የአቃቂው ልጅ፦ ይሄ ደግሞ ባሰ።

ኢንጂነሩ፦ ከሜሪላንድ፣ የማሽኑን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ። ኮንቬየሩን ማየት ፈልጌ ነው። አቃቂ በበጋ ውሃው ትንሽ ነው፤ መዘውሩን ምን እንደሚያዞረው ላስብበት።