ዴንቨር ላይ የመጀመሪያ መኪናህ ትንሽ ፎር ዊል ትሁን?

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ጥያቄህንም መልሶቹንም አነበብኳቸው። አዲስ አበባ እያለህ አጭሯን ሱዙኪ ቪታራ ትመኛት እንደነበር፣ አሁን ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ገብተህ ሥራ ስትጀምር እሷን የመሰለች ትንሽ ፎር ዊል ለመጀመሪያ መኪና ልትገዛ እንዳሰብክ ጽፈሃል። ግማሹ ሰው «ጂፕ ግዛ» ብሎሃል። ግማሹ ደግሞ «ኮሮላ ግዛና አርፈህ ሥራህን ሥራ»። እኔ ከሁለቱም ትንሽ ለየት ያለ ነገር ነው የምልህ። ፍላጎትህ ትክክል ነው፤ ይህ አገር በረዶም ተራራም አለው። ግን ገንዘብህን መጀመሪያ የምታውልበት ቦታ ፎር ዊሉ አይደለም፣ ጎማው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የመኪናው ዓይነት የሚመጣው።

ቪታራን በተመለከተ፣ እዚህም ነበረች። ሱዙኪ ራሱ ሳይድኪክ፣ ጀነራል ሞተርስ ደግሞ ጂኦ ትራከር እያሉ ሲሸጧት ኖረዋል። በኋላ ሸቭሮሌት ትራከር ሆና እስከ 2004 ዘልቃለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እስካሁን ለሽያጭ ስትወጣ ታያለህ፤ ዋጋዋም ልብ ያማልላል። ነገር ግን ሱዙኪ በ2012 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ መኪና መሸጥ እንደሚያቆም አስታውቋል። መለዋወጫ ስትፈልግ የምትለምነው ኢንተርኔትን ነው። ሌላው ዓለም የሚሻማባት ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ ደግሞ እዚህ አዲስ ሆና አትሸጥም። አሮጌዋን ከጃፓን ለማስመጣት 25 ዓመት እስኪሞላት መጠበቅ ግድ ነው። ለሁለተኛ መኪና፣ እጁ ዘይት መንካት ለሚወድ ሰው፣ ሁለቱም ደስ ይላሉ። ጠዋት 11 ሰዓት ኤርፖርት ሥራ ለሚገባ ሰው ግን አልመክርም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ከመለዋወጫው ይበልጣል። ትንሽ ፎር ዊል ማለት ጠባብ፣ አጭርና ከፍ ያለ መኪና ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና በድንገት መሪ ሲጠመዘዝበት የመገልበጥ ዕድሉ ከቤት መኪና ከፍ ይላል። በ1988 ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት ትንሿን ፎር ዊል ሱዙኪ ሳሙራይን በቀላሉ ትገለበጣለች ብሎ «ተቀባይነት የላትም» የሚል ደረጃ ሰጣት። ሱዙኪ ከሰሰ፤ ክርክሩ የተዘጋው በ2004 በስምምነት ነው። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እንተወው። ዛሬ ላንተ የሚጠቅምህ ይህ ነው፦ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪናም ሆነ ፎር ዊል ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ እየያዘ መስመር የሚያስገባት መሣሪያ ነው። በረዶ ላይ ነድተህ የማታውቅ ከሆነ ያለዚህ መሣሪያ ከፍ ያለች መኪና አትግዛ። ስለዚህ ፍለጋህን ከ2012 ወዲህ ባሉት ላይ ጀምር። ከዚያ በፊት የተሠሩ አንዳንዶቹ ቢኖራቸውም በየመኪናው እየጠየቁ ማረጋገጥ አሰልቺ ነው።

አሁን ወደ ጎማው። ከላይ አንድ ወንድማችን «ፎር ዊል ካለህ በረዶ አይበግርህም» ብሏል። በአክብሮት፣ በዚህ አልስማማም። ፎር ዊል ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ስትይዝ ሁሉም መኪና በአራት ጎማ ነው የሚቆመው፤ መሬቱን የሚቆነጥጠው ደግሞ የጎማው ጥርስና ላስቲኩ ነው። በክረምት ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወስደው አይ-70 ሀይዌይ ላይ ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ የምታያቸውን መኪናዎች ልብ ብለህ ተመልከት። ብዙዎቹ ትልልቅ ፎር ዊሎች ናቸው። ሹፌሩ መኪናው ቶሎ ሲነሳለት መንገዱ ጥሩ ይመስለዋል፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ አይይዝለትም።

የኮሎራዶ ሕግም ይህንን ያውቃል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በአይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የተራራ መንገድ፣ ፎር ዊልም ሆነ ኦል ዊል (ኃይሉን ራሷ ለአራቱም ጎማ የምታከፋፍል) መኪና ሳትቀር የጎማዋ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቅጣቱ ከ100 ዶላር በላይ ነው። በላጣ ጎማ ሄደህ መንገድ ከዘጋህ ደግሞ ከ600 ዶላር ያልፋል። ጎማ ቤት ጎራ ካልክ በነፃ ይለኩልሃል።

ጎማ ስትመርጥ ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልግ። ይህ ምልክት ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል። «ኤም ፕላስ ኤስ» (ለጭቃና ለበረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ያን ያህል አያስተማምንም። ሁለት ዓይነት ጎማ በየወቅቱ መቀያየር ከከበደህ፣ ይህ ምልክት ያለው «ኦል ዌዘር» የሚባል ጎማ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ትነዳበታለህ። ለመጀመሪያ መኪና እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ያገለገለ ጎማ ልግዛ ካልክ ደግሞ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ። 3521 ካለ በ2021 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀና የደረቀ ጎማ ብዙ ይሸጣል፤ እሱን እንዳትገዛ።

መኪና ልትገዛ ያስቀመጥከውን ገንዘብ ሙሉውን ለሻጩ አትስጥ። የአራት አዲስ ጎማ ዋጋ ከላዩ ቀንስና በቀረው መኪና ፈልግ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። በሁለት ዓመት አዲስ የሆነ ሞዴል ከመግዛትና ጥሩ ጎማ ከማሰር አንዱን ምረጥ የሚያሰኝህ ከመጣ ጎማውን ምረጥ።

ከዚያ ጥያቄው ይህ ነው፦ የት ነው የምትነዳት? ከቤት ወደ ሥራ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎ ወደ ተራራው ከሆነ፣ ዝቅተኛ ማርሽ (ድንጋይና ከባድ ዳገት ላይ በዝግታ፣ በኃይል የሚያስኬድ) ያለው እውነተኛ ፎር ዊል አያስፈልግህም። ኦል ዊል ያላት፣ ከመሬት ከፍ ያለች ትንሽ መኪና ትበቃሃለች። ሱባሩ ክሮስትሬክ ከመሬት 8.7 ኢንች ከፍታ አላት። ይህ ለበረዶም፣ ተጠርጎ ለሚጠገን የጠጠር መንገድም በቂ ነው። ከ2013 እስከ 2018 ያለችው ቶዮታ ራቭፎርም ኦል ዊሏን ካገኘህ ጠንካራ ናት፤ የማታስቸግር መኪና ከፈለግክ ከሁሉም እሷን አስቀድማለሁ።

ሱባሩ ላይ ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛ፣ የድሮዎቹ 2.5 ሊትር ሞተሮች የቴስታታ ጓርኒሲዮን በማቃጠል ይታወቃሉ። ክሮስትሬክ ሌላ ሞተር ስላላት ከዚህ ነፃ ናት፤ ግን የመጀመሪያዋ የ2013 ሞዴል ዘይት የመጠጣት ችግር ስለነበረባት የዘይት ዘንጓን አውጥተህ እይ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ሱባሩ አራቱም ጎማ እኩል እንዲሆንላት ትፈልጋለች። አንዱ ቢፈነዳና ሦስቱ ግማሽ ያለቁ ቢሆኑ አንድ አዲስ ብቻ መግጠም አይቻልም። የዙሪያቸው ልክ ስለሚለያይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ሳያርፍ ይሠራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ያገለገለች ሱባሩ ስታይ አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ተመልከት። የተለያዩ ከሆኑ ባለቤቱ እንዴት ሲይዛት እንደኖረ ነግሮሃል።

ግማሹ ሰው «ጂፕ ግዛ» ስላለህ ጂፕ ራንግለርን ዝም ብዬ አላልፋትም። ለድንጋይና ለገደል የተሠራች ናት። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ የኡሬይን ከተማ ከቴሉራይድ የሚያገናኘው የተራራ መንገድ፣ ኢሞጂን ፓስ፣ 13,114 ጫማ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ዝቅተኛ ማርሽ የሌላት መኪና ይዞ መግባት ትክክል አይደለም። ዩታ ውስጥ ካንየንላንድስ ፓርክ እንዲያውም ዝቅተኛ ማርሽ የሌላቸውን ኦል ዊሎች ከከባዶቹ የድንጋይ መንገዶች ከልክሏል። ሕልምህ ይህ ከሆነ ራንግለርን ግዛ፣ እኔ አልከለክልህም። ከ2012 ወዲህ ያለውን 3.6 ሊትር ሞተር ምረጥ፤ ከሱ በፊት የነበረው 3.8 ለዚህ ከፍታ ደካማ ነው።

ስትሞክራት ግን ሰፈር ውስጥ ዞረህ አትመለስ። ሀይዌይ አውጣትና ከ50 እስከ 65 ማይል ንዳት፣ ድልድይ መጋጠሚያ ላይ እለፍባት። መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ከጀመረ የፊት ማያያዣዎቿ አልቀዋል ማለት ነው። ሰው ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ ያሰረባት ከሆነ ይህ ይበልጥ ያጋጥማል። ለመጀመሪያ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን እንጂ እንዲህ ከፍ የተደረገችውን አትግዛ። ፎር ዊሏን ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገባ። የፊትና የኋላ ጎማ በኩርባ ላይ እኩል ርቀት አይሄዱም፤ መሬቱ ካላንሸራተተ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ክፍል ይጎዳል።

ነዳጇንም አስብ። ከ2012 እስከ 2017 ያለችው ባለ ሁለት በር ራንግለር በአማካይ በጋሎን 18 ማይል ትሄዳለች። ከ2018 ወዲህ ያለችው አውቶማቲክ ክሮስትሬክ 29 ገደማ። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዳ ልዩነቱ 250 ጋሎን ገደማ ይሆናል። ቤተሰብ ለምትረዳ ሰው ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ኡበር ልሠራባት እችላለሁ ብለህም ነበር፤ ኡበር ባለ ሁለት በር መኪና አይቀበልም። ከላይ የሕፃን መቀመጫ የጠየቅሽው እህቴም ይህንኑ አስቢ። ባለ ሁለት በር ውስጥ በየቀኑ ጎንበስ ብሎ ሕፃን ማሰር፣ ያውም በበረዶ፣ በጣም ይከብዳል። አራት በር ይሻልሻል።

ከፍታውን በተመለከተ እኛ ጥሩ ልምድ አለን። ዴንቨር 1,609 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሞተር አየር ሲያጥረው እንዴት እንደሚደክም ታውቃለህ። የአይዘንሃወር ዋሻ ግን 3,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና እዚያ ዳገት ላይ ስትቃትት አትደንግጥ፤ ቀኝ መስመር ይዘህ ውጣ። ዋናው ጥንቃቄ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ያዝ። ፍሬን ላይ ብቻ ተማምነህ ከወረድክ ይግልና መያዝ ያቆማል።

ግዢውን በአጭሩ። የመኪናውን ቪን ቁጥር (የሻንሲ መለያ ቁጥሩን) ተቀብለህ የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባ። ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው ጉድለት ለመጠገን ያወጣው ጥሪ) ካለ በነፃ ያሳይሃል፣ ዲለሩም በነፃ ነው የሚሠራልህ። በተለይ የታካታ ኤርባግ ጥሪ ያልተጠገነላትን እንዳትነዳ። የባለቤትነት ወረቀቱ (ታይትሉ) «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» ካለ፣ ማለትም ክፉኛ ተጎድታ የነበረች ወይም ከዚያ በኋላ ተጠግና የተመለሰች ከሆነች፣ ለመጀመሪያ መኪና ተወው። በበረዶ ድንጋይ የተቦረቦረች መኪና ግን ልዩ ናት። እዚህ አገር በፀደይና በበጋ የሚወርደው በረዶ ኃይለኛ ነው፤ የሜይ 2017ቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎችን መትቷል። ጣራዋ ተጎድቶ ሞተሯና ሻንሲዋ ደህና የሆነች፣ ታይትሏም ንጹሕ የሆነች ካገኘህ ዋጋዋ ቀንሶ ትገኛለች። መልክ ካልከበደህ ግዛት። ያው ኢንሹራንስ ስትገባ «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚለውን ካልጨመርክ የበረዶ ጉዳት እንደማይከፍልህ እወቅ። የኮሎራዶ ዝቅተኛው ግዴታ ኢንሹራንስ ሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት ብቻ ነው።

ከክፍለ አገሩ ውጭ የመጣች መኪና ከሆነች ከሥሯ ገብተህ እያት። ሚድዌስትና ኒው ዮርክ አካባቢ የኖረ መኪና ከጨው የተነሣ ሻንሲው ይዝጋል፤ ፎር ዊሎች ላይ ደግሞ ሻንሲው ነው ሁሉ ነገር። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር ከተቀባች ለምን ብለህ ጠይቅ። ለገለልተኛ መካኒክ ከፍለህ ማስፈተሽህን አትርሳ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልግ።

አንድ ወንድም ደግሞ «ጥሩ ፎር ዊል ግዛና በኋላ ወደ አገር ቤት ትልከዋለህ» ብሏል። ይህ ሐሳብ አሁን አይሠራም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ የምትገዛትን መኪና እዚሁ ልትኖርባት፣ እዚሁም ልትሸጣት አስበህ ግዛ። ለዚህም ቢሆን ራቭፎርም ሆነች ክሮስትሬክ ገዢ አያጡም።

የምታያት መኪና ስትኖር ዓመተ ምህረቷን፣ ማይሏን፣ የአራቱን ጎማ ፎቶና ከሥር የተነሣ አንድ ፎቶ እዚህ ለጥፍልን። ሙያው ያላቸው ወንድሞችም እህቶችም አሉ፣ አይተው ይነግሩሃል። እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አውሮራ ውስጥ ከሆነች አብሬህ ሄጄ ሀይዌይ ላይ እንሞክራታለን።