የአሜሪካ እርዳታ ቆመ፣ የኤችአይቪ ሥራውን ማን ይሸፍን?

ጥያቄ፦ ትራምፕ በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን ካገዱ ወዲህ እዚህ ኢትዮጵያ የ5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። እህቴ አንዷ ናት። ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ ሰቅላዋለች። መንግሥት ከራሱ ኪስ መሸፈን የለበትም ትላላችሁ?

መልስ፦ አለበት እንጂ! የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። ያ ቃል የት ደረሰ?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ከ2003 ጀምሮ በፔፕፋር (በአሜሪካ መንግሥት የኤድስ መርሐ ግብር) የቆመ ሥራ በአንድ ሌሊት አይተካም። መድኃኒቱ ቢኖር እንኳ ቀጠሮዋ ያለፈባትን እናት ደውሎ «ምነው ጠፋሽ?» የሚላት ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ካቋረጠች ቫይረሱ ያገረሻል፣ ለልጇም ሊተርፍ ይችላል።

መልስ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። የውጭ እርዳታ ከእገዳው በፊት እንኳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት 1 በመቶ ገደማ ነበር። ለኮንግረስ ተወካዬ ቢሮ ደውዬ ይህንኑ ነግሬያለሁ፣ ነገም እደውላለሁ።