መጋጠሚያው ላይ ንፋስ የሚገባበት ሸራ

ጥያቄ፦ ወንድሞች፣ ከጅቡቲ ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት በጭነት መኪና ተጭኖ ሁለት ሸራ ሲለብስ፣ አፋር ውስጥ ሚሌ ሳይደረስ መጋጠሚያው በንፋስ ይነፋል፣ ገመዱም ይላላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የኋላውን ሸራ መጀመሪያ አልብስ። የፊቱ ከላዩ አንድ ሜትር ያህል ይደረብ። ድርቡ ከተገለበጠ አፉን ለንፋስ ከፈተ ማለት ነው። የማዕዘኑም እጥፋት ወደ ኋላ ይዙር።

መልስ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ገመዱን የሚያላላው ግን አደራደሩ ነው። ከረጢቱን እንደ ብሎኬት እያጠላለፍክ ደርድር፣ መሃሉን ከፍ አድርገው፣ ውሃ አይቋጥርም። የናይለን ገመድም ይለጠጣል፣ ጭነቱም በንዝረት ይቀመጣል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ እንደገና ወጥር።

መልስ፦ ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ሁሉ ባዶ ጆንያ ሸጉጥ። ሸራ መቀደድ የሚጀምረው እዚያ ነው።