የአውቶክሮስ ፍጥነት በመለኪያ ይወሰን ወይስ በደህንነት ኃላፊው ዓይን? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ የአውቶክሮስ ነው። ለማያውቁት፦ አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ፓርኪንግ ወይም አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኮን (የመንገድ ምልክት የሆነው የፕላስቲክ ሾጣጣ) ተደርድሮ፣ መኪኖች ተራ በተራ እየገቡ ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስሲሲኤ፣ «ሶሎ» ይለዋል። የነዳ ሰው በሌላ ዙር ባንዲራ ይዞ ኮን ያነሳል። የደህንነት ኃላፊውም ፈቃድ ይኑረው እንጂ ደመወዝ የለውም፣ እንደማንኛችንም አባል ነው። የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ክለቦች ራዳር ይግዙ፣ በሰዓት ከ65 ማይል የሚያልፍ መኪና ከታየ ውድድሩ ቆሞ ኮርሱ ይቀየር። ደጋፊም ተቃዋሚም ይጻፍ። ነገሩን እንጂ ሰውን አትንኩ።

ሁለት ሰከንድ፦ እደግፋለሁ። የኤስሲሲኤ ደንብ ላይ ቁጥር አለ፣ ግን «በመደበኛነት» የምትል ቃል ተሸጉጣበታለች። ፈጣኖቹ የስትሪትና የስትሪት ቱሪንግ ምድብ መኪኖች (ብዙም ያልተለወጡ የመንገድ መኪኖች) ቀጥታ መስመር ላይ በመደበኛነት ከ60ዎቹ መጀመሪያ ማይሎች አይለፉ ይላል። በሩን የምትከፍተው ያቺ ቃል ናት። ሦስት ሰው ሦስት ቦታ አቁመህ ያንኑ መኪና ብታሳያቸው አንዱ 55፣ አንዱ 62፣ አንዱ 70 ይልሃል። ማርሚታው የሚጮህ ሁሉ ፈጣን ይመስላል፣ ድምፅ የሌለው ኤሌክትሪክ መኪና ሹልክ ብሎ ሲያልፍ ማንም አይደነግጥም። በዓይን መለካት ማለት በጆሮ መለካት ነው።

ቀይ ባንዲራ፦ ልጄ፣ ያንን ራዳር ማን፣ የት ቆሞ ይይዘዋል? ራዳር በትክክል የሚያነበው መኪናው ፊት ለፊት ወደ እሱ ሲመጣ ነው። ወደ ጎን በወጣህ ቁጥር ያሳንሳል። 65 የሚሄደውን መኪና 20 ዲግሪ ጎን ቆመህ ብትለካው 61 ይልሃል፣ 30 ዲግሪ ላይ ከሆንክ 56። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፣ ስለዚህ መጥፎውን ኮርስ «ደህና ነው» ብሎ ያሳልፍልሃል። እንዳይሳሳት ብለህ ፊት ለፊት ልትቆም ስትል ደግሞ የቀጥታው መስመር ጫፍ ላይ ነህ፣ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የሚመጣበት ቦታ ላይ። በጎ ፈቃደኛ እዚያ አላቆምም።

ሁለት ሰከንድ፦ ጋሼ፣ ይሄንን ተቀብያለሁ። ራዳሩ ይቅር። የሰዓት መያዣው የጨረር ዓይኖች ግን አሉ። ሁለቱን የመስመሩ ፈጣን ቦታ ላይ በ30 ጫማ ርቀት ትከሏቸው። መኪናው በመካከላቸው ያለውን በ0.341 ሰከንድ ካለፈው 60 ማይል ነው፣ በ0.315 ካለፈው 65። ሰው መቆም አያስፈልገውም። ብቻ 30 ጫማው በእርምጃ ሳይሆን በመለኪያ ሜትር ይለካ፤ አንድ ጫማ ቢሳሳት ንባቡ በ2 ማይል ይዛባል።

ባትሪ፦ ቁጥሩ የየትኛው መኪና ቁጥር ነው? እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሁለት መኪና ከስላሎሙ (በተደረደሩ ኮኖች መካከል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ከሚያልፉበት) በ40 ማይል ወጥተው 165 ጫማ ቀጥታ አገኙ እንበል። አንዱ ሚያታ ነው፣ ትንሿ የማዝዳ ስፖርት መኪና፣ እዚያ ፍጥነት ላይ 0.3 ጂ (1 ጂ የመሬት ስበት ያህል ግፊት ነው) ያህል ይገፋል፣ ጫፉ ላይ 55 ይደርሳል። ሌላው እንደ ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ያለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ 0.6 ጂ ቢገፋ 67 ይደርሳል። ኮርሱ አንድ፣ ኮኑ አንድ። መለኪያ ከተተከለ በየውድድሩ ዙሩን የምናስቆመው እኛ ባለ ኤሌክትሪኮቹ ነን፣ ከዚያ «ኤሌክትሪክ መኪኖች ይከልከሉ» ይመጣል።

ሚያታ-ቀይ፦ ማን ይከልከል አለ? እኔ ቀላል መፍትሔ አለኝ። ቀጥታው ጫፍ ላይ ሦስት ኮን ግራና ቀኝ አዛንፎ አንድ ጠባብ ቺኬን መሥራት። ሁሉም ፍሬን ይይዛል፣ አለቀ።

ኮን ለቃሚ፦ እህቴ፣ ይሄ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ማዘግየት የፈለግሽውን መኪና ፍጥነቱ ጫፍ ላይ ደርሶ እንዲዞር ታስገድጂዋለሽ። ልምድ ያለው ሹፌር ፍሬኑን ቀድሞ ይይዛል። ጀማሪው ግን ዘግይቶ ይይዝና መሪውን ከፍሬኑ ጋር አብሮ ይጠመዝዛል፣ ኋላው ይለቃል፣ መኪናው በጎኑ እየተንሸራተተ ቺኬኑን አልፎ ይወጣል። እዚያ ቺኬን ላይ ኮን ስለሚመታ ደግሞ ኮን ለማንሳት የሚሮጠው ሠራተኛ የሚቆመው እዚያው ነው። ብዙ ኮን የሚወድቅበትን ቦታና ብዙ ፍጥነት ያለበትን ቦታ አንድ ላይ አታድርጉ። ደንቡም ረጅም ቀጥታ፣ ማለትም ከ150 ጫማ በላይ፣ በጣም በጠበበ መታጠፊያ እንዳይጨርስ የሚለው ለዚህ ነው።

ቀይ ባንዲራ፦ ትክክል ተናግረሃል። ፍጥነት የሚያዘው ቀጥታው ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ወይም ቀጥታውን በማሳጠር። የቱ ይሻላል ለሚል የባትሪን ሒሳብ እንቀጥለው። መግቢያውን ከ40 ወደ 30 ብናወርደው ኤሌክትሪኩ ከ67 ወደ 62 ይወርዳል፣ ሚያታዋ ከ55 ወደ 49። መግቢያውን ትተን ቀጥታውን ከ165 ጫማ ወደ 115 ብናሳጥረው ኤሌክትሪኩ 61፣ ሚያታዋ 51 ይደርሳሉ። ጉልበት ላለው መኪና መድኃኒቱ ርዝመት ነው። ጉልበት ለሌለው መግቢያ።

ሚያታ-ቀይ፦ እንግዲያው መግቢያውን ስታጠቡ የምትቀጡት እኔን ነው ማለት ነው። ጥሩ፣ አሳጥሩት። ቺኬኑን አንስቻለሁ።

ከሽቱትጋርት፦ ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። እኛ ጋ ጀርመን አውቶክሮስ ሲባል አፈር ላይ መኪኖች ጎን ለጎን እየተጋፉ የሚሮጡበት ነው። እናንተ የምትሉት እዚህ «ስላሎም» ይባላል፣ የአዳክ (የጀርመን የመኪና ባለቤቶች ማኅበር) ክለቦች ያዘጋጁታል። ለማንኛውም ከ60 ወደ 67፣ የ7 ማይል ለውጥ ይሄን ያህል ያከራክራል?

ሁለት ሰከንድ፦ ያከራክራል። በ60 ማይል 1 ጂ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም 120 ጫማ ይፈልጋል፣ በ67 ደግሞ 150። ሹፌሩ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ በ60 ተጨማሪ 88 ጫማ ይሄዳል፣ በ67 ደግሞ 98። በድምሩ 208 እና 248፣ የ40 ጫማ ልዩነት። ደንቡ ኮርሱ ከመብራት ምሰሶና ከመሳሰለው ጠንካራ ነገር በመደበኛነት ከ25 ጫማ አይቅረብ ይላል። ያቺ 7 ማይል ብቻዋን 25ቱን ጫማ በልታ 15 ትጨምራለች።

ባትሪ፦ 25 ጫማው ግን ጎን ላይ ነው፣ ማቆሚያው ወደ ፊት ነው። አታምታታ።

ሁለት ሰከንድ፦ ምሰሶው ቀጥታው በሚያመለክትበት አቅጣጫ ካለ አንድ ናቸው። ኮርስ ስትነድፍ ብዕሩን ከቀጥታው ጫፍ ወደ ፊት ጎትተው፣ መስመሩ ምሰሶ፣ አጥር ወይም ሰው የቆመበት ቦታ ከነካ 25 ጫማ አይበቃም።

ኮን ለቃሚ፦ ፍጥነት የሚሾልክበትን አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ስላሎም። ደንቡ በኮኖቹ መካከል ከ45 ጫማ አይነስ ይላል፣ ላይኛውን ልክ ግን ለነዳፊው ትቶታል። በስላሎም ውስጥ ፍጥነት ከኮኖቹ ርቀት ጋር እኩል ያድጋል። በ60 ጫማ 37 ማይል ገደማ የሚሄድ መኪና በ70 ጫማ 43 ይሄዳል። አሁን ጠዋት በጨለማ ኮን የሚተክለውን ሰው ተመልከቱት። በእርምጃው ይቆጥራል፣ «20 እርምጃ፣ 60 ጫማ» ይላል። እግሩ ረጅም ከሆነ እርምጃው 3 ሳይሆን 3 ተኩል ጫማ ነው፣ 20 እርምጃው 70 ጫማ ሆነ። ወረቀቱ ላይ 60 ተጽፏል፣ የደህንነት ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ ፈርሟል። ከዚያ ቀጥታው መግቢያ ላይ የመጣችው 6 ማይል ከየት መጣች ተብሎ ይታሰሳል። የሚንከባለል መለኪያ ጎማ መኪናው ኋላ ይኑራችሁ፣ ውድ አይደለም።

ባትሪ፦ ይሄ ሁሉ የኔን ነገር ያጠናክራል። ኮርሱን በትክክል ንደፉ፣ ለኩ፣ ከዚያ መለኪያ ምን ያደርጋል?

ሁለት ሰከንድ፦ ይሉኝታን ይሰብራል። የደህንነት ኃላፊው ኮርሱ ፈጠነ ብሎ ቢያምን ማንን ነው የሚያስቆመው? ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ኮርሱን የተከለውን ጓደኛውን። 80 ሰው ተሰልፎ፣ ሞተር አሙቆ እየጠበቀ ነው። «ለኔ ፈጣን መሰለኝ» ብሎ ቀይ ባንዲራ ማንሳት ከባድ ነው። «0.302 አነበበ» ማለት ይቀላል። ቁጥር ካለው ማንም አይቀየመውም።

ቀይ ባንዲራ፦ እዚህ ላይ ነው የምፈራው። ቁጥሩ ይሉኝታን ይሰብራል ብለሃል፣ ኃላፊነትንም አብሮ ይወስዳል። 64 ያነበበ ኮርስ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል። እኔ ግን 58 የሚሄድበትን ኮርስ የማስቆምበት ጊዜ አለ። አስፋልቱ ወደ ውጭ ያዘመመ ከሆነ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ጠጠር ከተበተነ፣ ሠራተኛው ከኩርባው ውጭ በኩል ከቆመ፣ ሹፌሩ ወለል ምንጣፉን ሳያወጣ ከገባ። ይሄን ጨረር አያየውም። ለዚያ ዓይን ያስፈልጋል፣ ያ ዓይን ደግሞ በዚያ ዙር የማይነዳ ሰው ዓይን መሆን አለበት። ሄልሜት አድርጎ ተራውን እየጠበቀ ደህንነት የሚቆጣጠር የለም።

ኮን ለቃሚ፦ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስንት ክለብ ነው ኃላፊው ሊነዳ ሲሄድ ሬዲዮውን ለማንም ሳያስረክብ የሚሄደው? ተተኪው በስም ይጻፍ፣ ሬዲዮው እጅ በእጅ ይሰጥ።

ሚያታ-ቀይ፦ የሁለት ሰከንድ ሐሳብ አንድ ቀዳዳ አለው። መለኪያው 67 ያነበበው ሁለተኛው ዙር ላይ ቢሆንስ? ኮርሱን ስትቀይሩ የመጀመሪያው ዙር ሰዓት ከሁለተኛው ጋር አይወዳደርም። ሁሉም ይድገም ልትሉ ነው? ሰው ይጮሃል፣ ኃላፊውም ይሄን አስቦ ዝም ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለት ሰከንድ፦ ለዚህ የሚሆነው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያው ዙር የመጀመሪያዎቹ ሦስት መኪኖች ከፈጣኖቹ ይሁኑ። ያኔ ከፍ ካለ ቀጥታው ያጥራል፣ ሦስቱ ብቻ ይደግማሉ። ኮኑ ከተዛወረ በኋላ የኖራው ሳጥን (የኮኑን ቦታ የሚያሳየው በዙሪያው የተሠመረ መስመር) እንደገና ይሠመር፣ አሮጌው ይደምሰስ። አለበለዚያ «ኮኑ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ አልነበረም» የሚል የ2 ሰከንድ ቅጣት ጭቅጭቅ ቀኑን ይበላዋል።

ባትሪ፦ ጠዋት አስፋልቱ እርጥብ ከሆነስ? ሦስቱ መኪኖችህ 57 አነበቡ፣ አጨበጨብክ። ረፋድ ላይ ደረቀ፣ ያው ኮርስ 66 ሆነ።

ቀይ ባንዲራ፦ ባትሪ አሁን ጥሩ አነሳህ፣ በዚህ ምክንያት ነው ቁጥሩን ብቻ አልይዝም ያልኩት። ግን መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኮርሱን ለደረቅ ንደፍ፣ የእርጥብ ንባብ አትመዝግብ። አስፋልቱ ሲደርቅ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ለካ።

ሁለት ሰከንድ፦ «ለካ» አሉ ጋሼ። ስለዚህ መለኪያው ይገባል ማለት ነው?

ቀይ ባንዲራ፦ የሰዓት ዓይኑ ይግባ። «65» የምትለው ብቻ ከሐሳቡ ትውጣ። በምትኩ «ከ60ዎቹ መጀመሪያ ካለፈ ኃላፊው ኮርሱን በእግሩ ሄዶ ይመርምር፣ የማስቆም ሥልጣኑ ግን በማንኛውም ንባብ የእሱ ነው» ተብሎ ይጻፍ። በዝቅተኛ ንባብም ማስቆም ይችላል፣ በከፍተኛ ንባብ ግን ሳይመረምር ማስቀጠል አይችልም።

ባትሪ፦ ይሄን ልቀበለው እችላለሁ። ግን ንባቡ ለሁሉም ይታይ፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ኮን ለቃሚ፦ አይለጠፍ! በለጠፋችሁ ሰዓት ሌላ ውድድር ፈጠራችሁ። ሹፌሩ የሰዓቱን ትቶ «66 አስነበብኩ» ለማለት ቀጥታው ላይ ፍሬኑን ያዘገያል፣ እኔ ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ኮን ይዤ ቆሜያለሁ። ንባቡ በሬዲዮ ለኃላፊው ብቻ ይነገር።

ባትሪ፦ ተደብቆ የሚያዝ ቁጥር ማንም አያምነውም። ማታ ውጤቱ ከተዘጋ በኋላ ይለጠፍ።

ኮን ለቃሚ፦ ማታ ይሁን። ግን የመኪና ቁጥር ሳይኖረው።

አወያይ፦ ሁለት ነገር ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የጋሽ ቀይ ባንዲራ አረፍተ ነገር እንዳለ። ሁለተኛ፣ ንባቡ ማታ፣ ያለ መኪና ቁጥር። የቀጥታው ርዝመትና የመለኪያ ጎማው ነገር ድምፅ አያስፈልገውም፣ ነዳፊዎቹ ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ ያድርጉት። ሚያታ-ቀይ፣ የተተኪ ኃላፊዎችን ዝርዝር አንቺ ያዢ።

ሚያታ-ቀይ፦ እሺ። ሬዲዮዎቹን ቻርጅ የሚያደርገውስ ማን ነው? አራቱ እስከ ሦስተኛው ዙር አይቆዩም።