ኮሮላ ዲኤክስ ሚኒሞ ላይ ሲኦ 6.2 አውጥቶ በጭስ ምርመራ ወደቀ፤ ከየት ልጀምር?

ሶደሬ መንገድ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1987 እ.ኤ.አ. ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ 1.3 ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር፣ ካታሊስት (ጭስ ማጣሪያ) የሌለው። ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ገብቶ በጭስ ወደቀ። ወረቀቱ ላይ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሲኦ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) 6.2 በመቶ፣ ኤችሲ (ያልተቃጠለ ቤንዚን) 780 ፒፒኤም (ከሚሊዮን)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10.8፣ ኦክስጅን 0.9፣ ላምዳ (የአየርና የቤንዚን ሚዛን) 0.84 ይላል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲኦ 2.1፣ ኤችሲ 240። ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው አዲስ ናቸው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ሞቆ ቆሞ ሲነሳ ግን ያስቸግራል፣ ቤንዚን ይሸታል። የሙቀት መርፌው ከሩብ አያልፍም። አንዱ መካኒክ ካርቡራተር ቀይር፣ ሌላው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል ሞተር ይፈታ ይላሉ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ታቦር (ሐዋሳ)
ሞተር አታስፈታ፤ ካርቡራተርም ገና አትግዛ። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ዘይት ያቃጥላል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኤችሲው ይወጣል፤ ሲኦን ግን ለብቻው 6 አያደርሰውም። ሲኦ አየር አጥሮት በግማሽ የተቃጠለ ቤንዚን ነው። አንድ ካንዴላ አልቃጥል ቢል ኖሮ ደግሞ ኤችሲው ሺዎች ውስጥ ገብቶ ኦክስጅኑም አብሮት ይወጣ ነበር። ላምዳ 0.84 ማለት ቤንዚኑ በሙሉ እንዲቃጠል ከሚያስፈልገው አየር 16 በመቶ ጎድሏል ማለት ነው። ፊልትሮ ቢደፈን ወይም ዋናው ጅግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ቢሰፋ ዙር ሲጨምር ይብስበት ነበር፤ የአንተ ግን ይሻለዋል። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ከማይገባ ቦታ ቤንዚን እየገባ ነው።

ከሁሉም ዓይኔ ያረፈው የሙቀት መርፌው ላይ ነው። በአዳማ ፀሐይ ከሩብ የማያልፍ ሞተር ተርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) ወጥቶ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። መኪና ሞቀ በተባለ ቁጥር ተርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የሚሠራ ስህተት ነው። ቾክህ (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ አየሩን የሚያፍነው ክዳን) በውሃ ሙቀት የሚከፈት ዓይነት ከሆነ፣ ውሃው ካልሞቀ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ዙር ሲጨምር የሚገባው አየር ክዳኑን ገፋ ስለሚያደርገው ጭሱ ይሻሻላል፤ ቁጥሮችህም ከዚህ ጋር ይገጥማሉ። 20 ደቂቃ ነድተህ የፊልትሮውን ክዳን አንሳና እይ፤ የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልቆመ በጣትህ ክፈተው፤ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ከጠራ ነገሩ ተገኘ።

ጅግለር
ታቦር ያለው ትክክል ነው፤ ግን ሞቆ ሲነሳ ማስቸገሩና ሽታው ፍሎቱንም (በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ) ያስጠረጥራል። በካርቡራተሩ ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የቤንዚኑ ከፍታ ምልክቱ ላይ መሆን አለበት፤ መስታወቷ እስከ አፏ ከሞላች ቤንዚኑን የሚዘጋው የፍሎቱ መርፌ አልዘጋም። ከዚያ ሞተሩን አጥፋና ወዲያው በስልክ መብራት ጉሮሮውን ተመልከት። ከመሐሉ አፍንጫ ጠብ ጠብ ካለ መርፌው ያፈሳል። ይህን 10 ደቂቃ ቆይተህ እንዳታደርገው፤ በአዳማ ሙቀት ጤነኛ ካርቡራተርም ውስጥ ቤንዚን ፈልቶ ሊንጠባጠብ ስለሚችል ያሳስትሃል።

መርፌውን አውጥተህ ሾጣጣ ጫፉን ብርሃን ላይ አዙረው። ጥፍር የሚይዘው ቀለበት ከተቆረጠበት ከነመቀመጫው ቀይረው፤ መርፌውን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ደግሞ ኦሪጅናሉ የቤንዚን ፓምፕ ተነስቶ የኤሌክትሪክ ከተገጠመልህ ግፊቱን አስለካ። ካርቡራተር የሚፈልገው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው፤ የኢንጄክሽን መኪና ፓምፕ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚገፋ የትኛውም መርፌ አይችለውም።

ሶደሬ መንገድ (አዳማ)
እግዜር ይስጥልኝ። ተርሞስታቱ ቤቱ ባዶ ነው! የቾኩ ክዳን ከ25 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ጋደም እንዳለ ነው። መስታወቷ ላይ ቤንዚኑ ምልክቱ ላይ ነው፣ ጠብታም የለም። የዘይት ማያው ግን ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ጅግለር
እንግዲያው ፍሎቱን ተወው። ዘይትህ ቤንዚን ጠጥቷል፤ ያ ቤንዚን እየተነነ በትንፋሽ ቱቦው ተመልሶ ሞተር ይገባና ሲኦውን ይጨምራል። ማረጋገጥ ከፈለግህ መለኪያው ጭስ ማውጫው ላይ እያለ የትንፋሽ ቫልቩን ከሞተሩ ክዳን ላይ ንቀለው፤ ከቱቦው ግን አትለየው። ሲኦው ከ1 በመቶ በላይ ከወረደ ዘይቱ ነው። ተርሞስታት ሳትገጥም ዘይት እንዳትቀይር፤ አዲሱም በጥቂት ሳምንት እንደዚያው ይሆናል።

ታቦር (ሐዋሳ)
82 ዲግሪ የተጻፈበት ተርሞስታት ከነጓርኒሲዮኑ ግጠም፤ ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሁን። ስትገጥም አየሩን በደንብ አስወጣ፤ አለበለዚያ ይሞቅና እንደገና ይጣላል። ተገጥሞ በእውነት የሚሞቅ ከሆነ ጥፋቱ ራዲያተሩ ወይም ፋኑ ላይ ነው፤ እሱን ፈልግ። ቀጥሎ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ። ሚኒሞውን የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድመህ ከነካኸው የቾኩን ስህተት በቅልቅሉ ቡሎን ትሸፍነዋለህ፣ ቾኩ ሲከፈት ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል።

መሳሪያ ሣጥን
ስለ ሚኒሞው ልጨምር። የቅልቅሉን ቡሎን በካቻቪቴ ቀስ ብለህ እስኪነካ ዝጋ፤ አታጥብቀው፣ ጫፉ ከተጎዳ መልሶ አይስተካከልም። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ክፈትና አስነሳ። ሞተሩ ሞቆ፣ ፋኑ ቆሞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዙሩን 800 ላይ አድርግ። ቡሎኑን በሩብ በሩብ ዙር ዝጋ፤ መለኪያው ስለሚዘገይ በየመሐሉ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ሲኦው እየወረደ ሄዶ ኤችሲው በድንገት መውጣት ከጀመረ አልፈኸዋል፤ ሩብ ዙር መልስ። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ዘግተኸው ሞተሩ ካልጠፋ ቤንዚን በሌላ መንገድ እየገባ ነው፤ ያኔ የሚኒሞውን የአየር ቀዳዳ በአየር አስነፋ፣ ሽቦ ግን አታስገባ።

በ2,500 ዙር 2.1 መሆኑ ብዙ አያስጨንቅህ። አዳማ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከጅቡቲው 15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ጅግለር እዚህ 8 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል።

ካንዴላዎቹንም አውጥተህ እይ፤ አዲስ ቢሆኑም በዚህ ቅልቅል ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ይሆናል። ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ 11 ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው። ለምርመራ ስትሄድ ሞተሩን አጥፍተህ ወረፋ አትጠብቅ፤ 15 ደቂቃ ነድተህ በትኩሱ አስገባው።