ወረርሽኝ ሲከሰት መንገድ የመዝጋት ሥልጣን የማን ነው?

የመወያያ ርእሱ አቅራቢ፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ወረርሽኝ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የመደንገግ ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤትና ለክልል መስተዳድሮች ነው። ኬላ የሚያቆመው፣ ገበያ የሚበትነውና ትራንስፖርት የሚያግደው ግን ብዙውን ጊዜ ወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ነው። ይህ ሥልጣን በግልጽ ይሰጣቸው ወይስ ጨርሶ ይከልከሉ? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፦ ይሰጣቸው ባይ ነኝ። በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው ጤና ጣቢያው ነው፤ የክልሉ ካቢኔ ተሰብስቦ እስኪወስን አንድ ሕመምተኛ ሁለት ሦስት ገበያ ሊያዳርስ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ሲሆን የፌዴራሉ አዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ነበር። ባሕር ዳርን ጨምሮ በአማራ ክልል የተወሰኑ ከተሞች ያን አዋጅ ሳይጠብቁ ከመጋቢት 22 ጀምሮ እንቅስቃሴ መገደባቸውን ያን ጊዜም ደግፌአለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ።

የሕግ መምህር፦ ስለ ፍጥነት ያነሡትን እቀበላለሁ፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንቀጽ 93 ሥልጣን የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ሥልጣንን የሚገታ ድንጋጌም ነው። የፌዴራሉ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ እያለ ከታወጀ በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት፤ የሚጸናው እስከ ስድስት ወር ሲሆን ሊታደስ የሚችለውም በየአራት ወሩ ነው፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። አንድ ወረዳ አዋጅ ሳይኖር በደብዳቤ ብቻ መንገድ ሲዘጋ ግን ከእነዚህ ገደቦች አንዱም አያገኘውም፤ በዚህም ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት እንኳ ያልተፈቀደ ነጻነት ያገኛል ማለት ነው። የትግራይ ክልል በዚያው ዓመት መጋቢት 17 የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጁ የሚያሳየው ደግሞ ሕጋዊው መንገድ የግድ አዝጋሚ አለመሆኑን ነው።

ሌላም ነጥብ አለ። የግል ሕይወትን የሚያስከብረው አንቀጽ 26 መብቱ ለጤና ሲባል ሊገደብ እንደሚችል በግልጽ ሲናገር፣ የመዘዋወር ነጻነትን የሚደነግገው አንቀጽ 32 ግን እንዲህ ያለ የገደብ ንዑስ አንቀጽ የለውም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 12 ለሕዝብ ጤና ሲባል መዘዋወር ሊገደብ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ገደቡ ግን በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ መሆን አለበት። የከንቲባ ደብዳቤ በእኔ እምነት ሕግ አይደለም።

የጭነት መኪና ሹፌር፦ እኔ ሕግ አላጠናሁም፤ ያየሁትን ልናገር። በዚያ ወቅት ቲማቲም ጭኜ ሳለሁ በመንገዱ ላይ ገመድ የወጠሩ ሁለት ሚሊሻዎች አስቆሙኝ። ደብዳቤውን እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው አሳዩኝ። ማኅተም ነበረው፤ እስከ መቼ እንደሚጸና ግን አልተጻፈበትም፤ ምግብ የጫነ መኪና ይለፍ አይለፍም አይልም። ጠባቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚወስኑበት ነገር አልተሰጣቸውም እንጂ። አቤት የምልበት ቦታ ብጠይቃቸውም የሚያውቅ አልነበረም። ጭነቱ እዚያው ተበላሸ።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የደረሰብዎት ነገር አሳዝኖኛል። በሙያዬም አንድ ነገር ልጨምር፦ መንገድ መዝጋት ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አይደለም። ኮሌራ የሚገታው በንጹሕ ውኃና በመጸዳጃ ቤት ነው፤ በኮሌራ ጊዜ መንገድ የዘጋ ወረዳ የውኃ ማከሚያ ኬሚካሉንና ሕመምተኛው ያጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ኦ.አር.ኤስ ጭምር ነው የሚያግደው። ስለዚህ ሥልጣኑ ሲሰጥ የበሽታው ዓይነትና የመተላለፊያው መንገድ በባለሙያ ፊርማ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። እንዲህ ከሆነም እንኳ ወረዳው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚለውን አልቀበልም።

የሕግ መምህር፦ እኔም ይከልከሉ አላልኩም። የክልል ምክር ቤት አስቀድሞ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ አዋጅ ያውጣ፤ ወረዳው በዚያ አዋጅ መሠረት ለ48 ሰዓት ብቻ እንዲገድብ ይፈቀድለት፤ ትእዛዙ ማብቂያ ሰዓቱን፣ ምግብና ሕሙማን የሚያልፉበትን ሥርዓት፣ አቤቱታ የሚቀበለውን አካል ስምና ስልክ ይያዝ። የክልሉ መስተዳድር በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ካላጸደቀው በራሱ ይቅር።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፦ ከእኛ ዘንድ የተላከ ናሙና በ48 ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ላይደርስልን ይችላል። ያን ጊዜስ?

የሕግ መምህር፦ ያን ጊዜ ይራዘም፤ የሚያራዝመው ግን ክልሉ እንጂ ገመዱን የወጠረው ወረዳ ራሱ አይሁን።