የድሮ ፊልም መሃል ላይ የሚገባው ማስታወቂያ በዛ፤ የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ማን ነው?

የፒያሳ ልጅ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ግን ነገሩን ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

አባቴ በወጣትነታቸው ፒያሳ ካለው ከጣሊያን ጊዜው ሲኒማ ቤት አይጠፉም ነበር። የህንዱንም የአሜሪካኑንም ፊልም እዚያ ነው ያዩት። አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት አይወጡም፣ የቀረቻቸው ቴሌቪዥን ብቻ ናት። በዚህ ፋሲካ ማታ አንድ ጣቢያ «አሥርቱ ትእዛዛት»ን ሊያሳይ ነው ሲባል ከሐሙስ ጀምሮ ሲጠብቁ ነበር። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣ ነው፣ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ርዝመቱን አውቀን ነው የተቀመጥነው።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ በየ10 ደቂቃው ማስታወቂያ። አፓርታማ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ እንደገና አፓርታማ። ሙሴ እጁን ዘርግቶ ባሕሩ ሊከፈል ሲል፣ ያውም ፊልሙን ለኦስካር ያበቃው ቦታ እኮ ነው፣ ቀጥ አደረጉትና የዱቄት ሳሙና አመጡ። ድምፁ ደግሞ ከፊልሙ እጥፍ ነው፣ ተኝቶ የነበረው የእህቴ ልጅ እየጮኸ ተነሣ። ሲመለስ ባሕሩ ተከፍሎ ሕዝቡ እየተሻገረ ነው። የተከፈለበትን አላየነውም። አባቴ «በቃ አጥፉት» ብለው ገብተው ተኙ። ሌሊት 6 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ማስታወቂያ ለምን ኖረ አላልኩም። የሚገባበት ቦታ ነው ያንገበገበኝ። ማን ነው የሚወስነው? ለማንስ ነው የሚነገረው?

ኤዲተር የነበርኩ

ወንድሜ፣ ለአባትህ አዝኛለሁ። አንድ ጣቢያ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ።

እኔ በነበርኩበት ቤት ማስታወቂያው የሚሸጠው በሌላ ክፍል ነው፣ ፊልሙን የሚያዘጋጀው ሌላ ነው። ከሽያጭ ክፍል «በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ደቂቃ» የሚል ዝርዝር ይመጣል። አየር ላይ የሚያወጣው ልጅ ሰዓቱን እያየ ያስገባል። ፊልሙ በዚያች ሰከንድ ምን ላይ እንዳለ አያይም፣ እንዲያይም የሚነግረው የለም። እኔ ጊዜ ሲኖረኝ ቀድሜ ቁጭ ብዬ ምስሉ ጠቁሮ ወደ ሌላ ትዕይንት የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ደቂቃቸውን እጽፍ ነበር። ለአንድ ፊልም ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አይሠራም።

የሚቆጨው ግን አንተ የጠራኸው ፊልም የራሱ እረፍት አለው። ሙሴ በዕፀ ጳጦስ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰምቶ ከተራራው ሲወርድ የመጀመሪያው ክፍል ያልቃል፣ ሲኒማ ቤት ሲታይ እዚያ ላይ መብራት ይበራ ነበር። የድሮ ረጃጅም ፊልሞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የህንዶቹማ መሃላቸው ላይ እረፍት እንዳለ ታስቦ ነው ታሪካቸው የሚጻፈው። ማለት ሠሪው ራሱ «እዚህ ጋ ብታቆሙት አይጎዳም» ብሎ ቦታ ትቶልናል፣ እኛ ግን እሱን ዘለን ሌላ ቦታ እንቆርጣለን።

ድምፁን በተመለከተ፣ ማስታወቂያ ሲሠራ ዝቅ ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋና ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጮኻል። ፊልም ግን ሹክሹክታም ጩኸትም አለው። ከፍተኛው ልክ አንድ ቢሆንም ለጆሮ ማስታወቂያው ይበረታል። አሜሪካ ይህን በሕግ ከልክላለች፣ ከ2012 ማብቂያ ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ መጮህ የለበትም።

አዘዞ

ሁላችሁንም አክብሬ ትንሽ ልለይ። ይህን ፊልም በነፃ ነው ያየነው። ዲሽና ሪሲቨር ካለህ ለጣቢያው ወር በወር የምትከፍለው ነገር የለም። በ2011 የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ካስወጣ በኋላ ጣቢያዎቹ ትልቅ ገቢ ነው ያጡት። ከየት ያምጡት?

ደግሞ ውጭ አገርም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ይኸው ፊልም በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በቴሌቪዥን ይታያል፣ ከነማስታወቂያው 4 ሰዓት ተኩል አልፎ ይሄዳል። እኛ ላይ ብቻ የመጣ መዓት አይደለም።

ማራኪ ግቢ

አዘዞ፣ ገቢውን ማንም አልካደም፣ ልጁም እኮ «ማስታወቂያ ለምን ኖረ አላልኩም» ብሏል። ውጭም ያው ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ በየ30 ደቂቃው ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይቋረጥ መመሪያ አለ። ጣሊያን ውስጥ ዳይሬክተሩ ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊልም መሃል ማስታወቂያ እንዳይገባ በአደባባይ ሲሟገት ነበር። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦቶ ፕሪሚንገር ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ተሸነፈ፣ ምክንያቱም በቴሌቪዥን ፊልም ማቋረጥ የተለመደ አሠራር ነው ተባለ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኼ «የተለመደ ነው» የሚሉት ነገር ነው። አንድ ሰው ዓመታት ደክሞ፣ ሙዚቃው የት እንደሚነሣ፣ ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቆጥሮ የሠራውን ሥራ የማያውቀው ሰው ሰዓት አይቶ ሲቆርጠው ለምን ነው የምንለምደው?

ኃይሌ ገሪማን የወለደች ከተማ ልጆች ነን። የእሱን ፊልም እንዲህ ቆራርጠው ቢያሳዩን ዝም እንል ነበር?

ቀበሌ 18

ለጊዜው የሚረዳ ነገር ልንገርህ። ሪሲቨርህ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ፍላሽ ሰክተህ ፊልሙን ቅዳው። ባዶ የሆነ 16 ጊጋ ወይም 32 ጊጋ ይሁን፣ ረጅም ስለሆነ ትንሹ አይበቃም። በማግስቱ አባትህን አስቀምጠህ ማስታወቂያውን በሪሞት እያለፍክ አሳያቸው። የተቆረጠውን አይመልስልህም፣ ግን ቢያንስ በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያልቃል፣ እንቅልፋቸውም አይበላሽም።

የፒያሳ ልጅ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጣቢያው ፊልሙን ለዳግማ ትንሣኤ ደገመው፣ እኔም እንደተባልኩት በፍላሽ ቀዳሁት። ኤዲተሩ ያለው እውነት ነው፣ በሰዓት ነው የሚቆርጡት። በዚህኛው ዙር ትንሽ ዘግይቶ ስለጀመረ ማስታወቂያው ሌላ ቦታ ላይ ወደቀ። ባሕሩ ሲከፈል ከጫፍ እስከ ጫፍ አየነው። አባቴ ከመከዳው ቀና ብለው ትንፋሽ ሳያሰሙ ነው ያዩት።

ሲያልቅ ሲኒማ ቤት እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። «እረፍት ሲሆን መብራት ይበራል፣ እኛም ወጥተን ቆሎ እንገዛለን፣ ሲጋራ የሚያጨሰውም ያጨሳል» አሉኝ። «ግን ሰው እያለቀሰ መብራት አብርተውበት አያውቁም።»

አዘዞ፣ ያልከው ገብቶኛል። እኔም ማስታወቂያው ይቀነስ ሳይሆን ወደ ቦታው ይሂድ ነው የምለው። ለጣቢያው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ የዱቄት ሳሙናውን ድርጅትም ግልባጭ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ያን ማታ ቤታችን ውስጥ የተረገመው የእነሱ ስም ነው። ኤዲተር፣ እረፍቱ የሚጀምርበትን ደቂቃ በትክክል ብትጽፍልኝ ደብዳቤው ውስጥ አስገባዋለሁ። እነዚያ ረጃጅሞቹ የህንድ ፊልሞችም ካሉህ የእነሱንም ጨምርልኝ።